እንኳን ማርያም ማረችሽ



በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤት ሁሉ ወደ ደጃፏ እየመጣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ከመውለዷ በፊትም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ሲላት ከርሟል። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ሰላምታ ስለ ሆነ ትርጉሙን እምብዛም ልብ አንለውም። «ማረችሽ» ስንል ግን ያቺ ሴት ከሞት አፋፍ ተመለሰች ማለታችን ነው። «ነፍሰ ጡር» የሚለውም ቃል ነፍስን የተሸከመች ማለት ነው። እናቶቻችን ምጥ ምን እንደ ሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ቋንቋውም ይህን ዕውቀት ጠብቆ አቆይቶልናል።

በዚህ ዕትም ልንነጋገርበት የወደድነው ስለዚያች ሰዓት ነው። ይኸውም አንዲት እናት በምጥ ሳለች፣ ከዚያም በኋላ አራስ ሳለች፣ የሚረዷት ሰዎች እርሷን ከነልማዷና ከነእምነቷ እንዴት ሊቀበሏት እንደሚገባ ነው። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። እኛም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ይመስለን ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በአንድ የገጠር ቁምስና የደረሰ ነገር ነውና ከእርሱ እንጀምር።

በዚያ ቁምስና ከቅዳሴ በኋላ «እናቶች በጤና ተቋም ውለዱ» እያልን ለዓመታት ስናስተምር ቆይተናል። ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ ዛሬም አንለውጠውም። ከሰሙን ሴቶች አንዷ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄደች። ልጁ በሕይወት ተወለደ፤ እርሷም ዳነች። በመዝገብ የሚሰፍረው ይኸው ነው። በመዝገብ ያልሰፈረው ግን የሚከተለው ነው። አማቷና አብሮ አደግ ጓደኛዋ ከበር ውጭ እንዲቀሩ ተደረገ። እርሷ የምታውቀው ተንበርክኮ፣ ከኋላ ሰው ደግፎ ይዞ መውለድን ሆኖ ሳለ በጀርባዋ እንድትተኛ ታዘዘች። የማታውቃቸው ወንዶች በሚገቡበትና በሚወጡበት ክፍል ሰውነቷ ሳይሸፈን ቆየ። «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ስትጣራ ዝም በይ ተብላ ተቆጡባት። የሚነገራት በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ስላልነበረ ግማሹን አልተረዳችም፤ ባለመረዳቷም ተሰደበች። በመጨረሻ የእንግዴ ልጁን ወስዳ በጓሮዋ ለመቅበር ብትጠይቅ ተሳቀባት።

ሁለተኛውን ስትፀንስ ማንም ሊያሳምናት አልቻለም። በቤቷ ወለደች፤ ደም ፈሰሳት፤ ሌሊት ነበር፤ መንገዱም ሩቅ ነበር። በመቃብሯ ዳር ቆመን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልን። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ አማቷ ወደ እኛ ቀረብ ብለው፣ አንዳች ቁጣ ሳይታይባቸው፣ «አባ፣ ያን ጊዜ አብሬያት ብገባ ኖሮ አሁንም እሺ ብላ ትሄድ ነበር» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። በሰው ጉድለት የደረሰውን በእግዚአብሔር ፈቃድ ስም መሸፈን ቀላል ነው፤ እኛም በዚያች ቀን አድርገነዋል።

ይህን የምንናገረው የጤና ባለሙያዎችን ለመክሰስ አይደለም። አንዲት አዋላጅ ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ያለ እንቅልፍ፣ አንዳንዴም ያለ ውሃና ያለ መብራት፣ ብዙ ወላዶችን ብቻዋን ስትረዳ አይተናል። ድካም ሰውን ያሻክራል። ነገር ግን ያቺ እናት የሞተችው መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ መድኃኒቱ ወዳለበት ለመመለስ ልቧ እንቢ ስላላት ነው።

ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንመለስ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 1 ሲፓራና ፉሐ የተባሉ ሁለት አዋላጆች ተጠቅሰዋል። የግብፅ ንጉሥ በመጽሐፉ በዚያ ቦታ ስሙ አልተጻፈም፤ የሁለቱ አዋላጆች ስም ግን ተጽፏል። ወንዶቹን ሕፃናት እንዲገድሉ ሲታዘዙ እግዚአብሔርን ፈርተው አልገደሉም። ንጉሡም በጠየቃቸው ጊዜ የዕብራውያን ሴቶች እንደ ግብፃውያን ሴቶች እንዳልሆኑ፣ ብርቱዎች ስለ ሆኑም አዋላጅ ሳይደርስ እንደሚወልዱ ነገሩት። የአንዱ ሕዝብ ወሊድ ከሌላው ሕዝብ ወሊድ ይለያል የሚለው ነገር በዚህ ስፍራ ተነግሮ እናገኘዋለን። ፈርዖን መልሱን ተቀበለ፤ ስለ ሴቶች ምጥ የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስልምና።

እዚህ ላይ ግን ጥቂት ልንቆም ይገባል። አዋላጆቹ ይህን የተናገሩት ሕይወትን ለማዳን ነው። ዛሬ ይኸው ንግግር በተገላቢጦሽ ሲነገር እንሰማለን፤ «የገጠር ሴት ትችለዋለች»፣ «የእነዚያ አገር ሰዎች ሲወልዱ አይጮኹም»፣ «እነዚህ ደግሞ ጩኸት ልማዳቸው ነው» ይባላል። በአንዳንዱ ሕዝባችን ዘንድ በምጥ ጊዜ ዝም ማለት የጨዋነት ምልክት ነው፤ በሌላው ዘንድ ድምፅን ከፍ አድርጎ መለመን የተለመደ ነው። ዝም ያለችው አልታመመችም ብሎ ማለፍ አደጋ ነው፤ የጮኸችውንም አካበደች ብሎ መናቅ እንዲሁ። የሕዝቦችን ልማድ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልማዱን ያወቀ ሰው ሴቲቱን ያወቀ ይመስለዋል። እርሷን ራሷን መጠየቅ የሚቀድም ሥራ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመናዊው ዓለም በሚናገረው ሐዋርያዊ ድንጋጌው (ከቁጥር 53 ጀምሮ) ሰው ሙሉ ሰብእናውን የሚያገኘው በባህል አማካይነት መሆኑን አስተምሯል። እንግዲያስ እናቲቱን ከነባህሏ ካልተቀበልናት ግማሿን ብቻ ተቀብለናል ማለት ነው። እኛ የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ይህን ከጉባኤው በፊት ከአባታችን ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ተምረነዋል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን ሲመጣ የሕዝቡን ቋንቋ ተማረ፤ እንደ አገሩ ካህናት ለበሰ፤ በምግቡም በአኗኗሩም ሕዝቡን መሰለ፤ የግዕዝንም ሥርዓት አከበረ። ወንጌልን ከማስተማሩ በፊት እንግዳ መሆኑን አመነ። ወላድ ወደምትገባበት ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶም ቢሆን፣ እንግዳ ነው።

ይሁን እንጂ ልማድ ሁሉ መልካም ነው አንልም። በዚህ ጉዳይ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ይመራናል። እመቤታችን ወደ ዘመዷ ወደ ኤልሳቤጥ ፈጥና ሄደች፤ ሦስት ወር ያህልም ከእርሷ ዘንድ ተቀመጠች። ኤልሳቤጥ በወለደች ጊዜ ጎረቤቶቿና ዘመዶቿ ተሰብስበው ከእርሷ ጋር ደስ አላቸው፤ ይህ እንደ እኛው አገር ነው። በስምንተኛው ቀን ግን ክርክር ተነሣ። ዘመዶቹ እንደ ልማዳቸው ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ፈለጉ። እናቱ «አይሆንም» አለች። ከዘመዶቿ በዚህ ስም የተጠራ እንደሌለ አስረዷት፤ ይህም የልማድ ሙግት ነው። ዘካርያስም ሰሌዳ አስመጥቶ ስሙ ዮሐንስ እንደ ሆነ ጻፈ። ልብ በሉ፤ ልማዱ ተሻረ፤ ዘመዶቹን ግን ማንም ከቤት አላስወጣቸውም። ሲያደንቁ እዚያው ነበሩ። ልማድ የሚሻረው ሰዎቹ ሳይናቁ ነው፤ የሚሻረውም በእናቲቱ አፍ ሲነገር ይበልጥ ይሰማል።

ስለዚህ የትኛው ይጠበቅ፣ የትኛው ይተው ለሚለው ጥያቄ መለኪያችን የእናትና የልጅ ሕይወት ነው። አራስን ብቻዋን አለመተው ትልቅ ጥበብ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ደም የሚፈስበት አደገኛ ጊዜ ነውና ዓይኑን ከእርሷ የማያነሣ ሰው ያስፈልጋታል። ገንፎውም፣ በጉራጌ ቡላው፣ በኦሮሞ ማርቃው፣ ደምና ላብ ላፈሰሰች ሴት የሚገባ ምግብ ነው። ቡናው፣ እልልታው፣ ማርያምን መጣራቱ ማንን ይጎዳል? እስላም የሆነችው እናት ሴት አዋላጅ እንድትረዳት መለመኗ፣ በሕፃኑም ቀኝ ጆሮ አዛን እንዲነገርለት መሻቷ፣ በካቶሊክ ክሊኒክ ውስጥ ቢሆንም በአክብሮት ሊፈጸምላት የሚገባ ነገር ነው። ወደ ደናግሎቻችን ክሊኒኮች የሚመጡት እናቶች ከሁሉም ቤተ እምነት ናቸው፤ ስለ እምነታቸው ተጠይቀው የሚታከሙበት ቤት አልሠራንም።

የእንግዴ ልጁም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው ስለ ትውልድ ስፍራው ሲናገር «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። በዚህ ቃል የሚምል ሕዝብ እትብቱና የእንግዴ ልጁ ከቆሻሻ ጋር ሲጣል ቢያዝን የሚያስቅ ምን አለው? ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ ቢሰጣቸው፣ ከውሃ ርቆ በጥልቅ እንዲቀበርም ቢነገራቸው ጉዳት የለውም።

በአንጻሩ የሚገድል ልማድ አለ፤ በግልጽ ልንናገር ይገባል። እንገሩ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ ታልቦ የሚደፋበት ቦታ ብዙ ነው፤ ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቀው የመጀመሪያው መከላከያ ግን እርሱ ነው። ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥ፣ እትብቱን በቅቤ ወይም በእበት መቀባት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ሆድ በኃይል ማሸት፣ እነዚህ ሁሉ መቃብር ሞልተዋል። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ብዙ ማለት አያሻንም፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የአገራችን የወንጀል ሕግ ይቀጣዋል፤ ጠባሳው በወሊድ ጊዜ እናቲቱን መልሶ ያስጨንቃታል። ምጧ ለቀናት ተይዞ ልጇን አጥታ በፊስቱላ የምትሠቃየውን ሴት አስቡ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል የመሠረቱት ለእነዚህ እኅቶች ሲሉ ነው። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከሰውነት ቁስላቸው ይልቅ የጎዳቸው ከማኅበር መገለላቸው እንደ ሆነ ይናገራሉ።

ልማድን አክብሮ ሕይወትን ማዳን እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም። በጉራጌ ምድር፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ፣ የሕክምና ሚስዮን እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት የአጣጥ ሆስፒታል አለ። እኅቶቹ ብዙ እናቶች ከሩቅ መንደር በቃሬዛ የሚደርሱት ከረፈደ በኋላ መሆኑን አዩ። እናቶቹን ዘገያችሁ ብለው ከመቆጣት ይልቅ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በሆስፒታሉ ግቢ የእናቶች ማቆያ አዘጋጁ። ችግር ይደርስባታል ተብሎ የተሰጋላት ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር በአገሯ ወግ እየኖረች የምጧን ሰዓት ትጠብቃለች። ምጡ ሲመጣ ሐኪሙ ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቃት።

ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በዚያ ሆስፒታል የተከናወኑ ከ24,000 በላይ ወሊዶች ተጠንተዋል። በማቆያው ካለፉት እናቶች መካከል የሞቱት ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሙት ሆነው የተወለዱትም በማቆያው ካለፉት ከ1,000 ወሊዶች 18 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት 191 ያህል ናቸው። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚመጡ ስለ ሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው ብቻ መስጠት አይገባም። ቢሆንም ቁጥሩ ይናገራል።

በአገር ደረጃም ብዙ ተለውጧል። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ጥናት ከመቶ 48 ደርሰዋል። ከ100,000 ሕያው ወሊዶች የሚሞቱት እናቶችም በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርደዋል። ለዚህ በየቀበሌው የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ ትልቅ ነው፤ የመንደራቸው ልጆች ናቸውና ይሰማሉ። በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ለወላዶች ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ተለምዷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው መመሪያ ወላድ የምትመርጠው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን፣ የምትወልድበትንም አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ መክሯል። አማትየዋ በመቃብሩ ዳር የነገሩን ይህንኑ ነበር።

ልጆቻችን ወደ ባዕድ አገር ሄደዋልና ነገሩ እዚያም ይከተላቸዋል። በአሜሪካ የወለደች አንዲት ምእመናችን፣ ገና ከመገላገሏ በረዶ የተሞላ ውሃ እንደ ሰጧት፣ ለሰጪዋ ደግነት መሆኑን ብታውቅም እንዳለቀሰች ነግራናለች። አራስ በትኩስ ነገር የምትታከምበት አገር ልጅ ነችና። ሕክምናው የተዋጣ ነበር፤ የጎደለው ትኩስ አጥሚት ይዛ የምትገባ እናት ነበረች።

ስለ ሌላ ነገርም ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም፤ ስለ ሙት ተወላጅ ሕፃናት። በብዙ ቦታ ለእነዚህ ለቅሶ አይቀመጥም። ሕፃኑ በዝምታ ይቀበራል፤ እናቲቱም «አታልቅሺ፣ ሌላ ይተካልሻል» ትባላለች። የሚናገሩት ሊያጽናኑ ነው። ነገር ግን ዘጠኝ ወር የተሸከመችው ሌላውን ሳይሆን ይህንኑ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁጥር 1261) ሳይጠመቁ የሞቱትን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ ይሰጣል፤ በተስፋም እንድንጸልይ ያዘናል። ወላጆቹ ሊያስጠምቁት አስበው ሳለ ለሞተ ሕፃን በጳጳሱ ፈቃድ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ቀብር ሊደረግለት ይቻላል። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ያልነገርናቸው እኛ ነን። ሕፃኑ ስም ይሰጠው፤ እናቱም ትቀመጥና ታልቅስ። በግዕዝ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የማስጠመቅን ልማድ የምትጠብቁ ሁሉ ደግሞ ሕፃኑ ከደከመ ቀኑን አትጠብቁ፤ በአደጋ ጊዜ ማንኛውም ሰው የቤተ ክርስቲያንን አሳብ ይዞ ማጥመቅ እንደሚችል መምህራን ለአዋላጆች ያስተምሩ። አራሷም ደም ቢበዛባት ወይም ትኩሳት ቢይዛት «ከቤት የምትወጣበት ቀን አልደረሰም» ተብላ አትያዝ።

እናንተ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ የሁለት ቋንቋ ሰዎች ናችሁ፤ የመንደሩንም የጽሕፈት ቤቱንም ታውቃላችሁ። ስለዚህ በአካባቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አዋላጆቹን ተዋወቁ፤ ስለ ሕዝቡ ወግ ንገሯቸው፤ ድካማቸውንም አድምጡ። ወደ መንደር ስትመለሱ የልምድ አዋላጆችን አትናቁ፤ ነፍሰ ጡሯ የምታምነው እነርሱን ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋት የሚሄዱ እነርሱ ይሁኑ። በስብከት መድረክም «ለምን አትሄዱም?» ከማለታችን በፊት «በሄዳችሁ ጊዜ ምን ገጠማችሁ?» ብለን እንጠይቅ። እኛ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አንዲት ነፍስ አስከፍሎናል።

እኒያ አማት ሌላ ምራት አሏቸው። ባለፈው ዓመት ይህችኛዋ ምጥ ሲይዛት ራሳቸው ይዘዋት ወደዚያው ጤና ተቋም ሄዱ። በር ላይ ያገኟቸው አዋላጅ ከአንድ ዓመት በፊት ከቁምስናው ሽማግሌዎችና መምህራን ጋር ተቀምጣ የተወያየች ወጣት ናት። «እናቴ፣ ይግቡ» አለቻቸው። ገብተው ከኋላ ደግፈው ያዟት። ሴት ልጅ ተወለደች። የእንግዴ ልጁን ክዳን ባለው ባልዲ ተቀብለው በጓሮአቸው ከእንሰቱ ሥር ቀበሩት። ወሬው የደረሰን ዘግይቶ ስለ ነበረ ቤታቸው ስንገባ ገንፎው ቀዝቅዞ ነበር። ቢሆንም አቀረቡልን፤ እኛም ከበሩ ሳናልፍ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልናት።